በሲ ኮድ ውስጥ ሆኜ ሌላ ፕሮግራም እየሠራ መሆኑን እንዴት ልወቅ? ፒግሬፕ ግራ አጋባኝ

ጀማሪ_ኮደር

ሰላም ለሁላችሁ። ሊኑክስ ላይ ነኝ። ከሴንሰር ዳታ እየሰበሰበ ፋይል ላይ የሚጽፍ ፕሮግራም አለኝ፣ ስሙ ዳታ-ኮሌክተር-ሰርቪስ ነው። አንዳንዴ ሳይታሰብ ይሞታል። ስለዚህ በሲ ትንሽ ጠባቂ ፕሮግራም ጻፍኩ። ሥራው ቀላል ነው፤ በየ30 ሰከንዱ ዳታ-ኮሌክተሩ መኖሩን ያያል፣ ከሌለ ያስነሳዋል። የሚጠበቀውን ፕሮግራም ስም በአርጉመንት ነው የምሰጠው፣ ነገ ሌላ ነገር ልጠብቅበት ብል ኮዱን እንዳልነካካ ብዬ።

ኮዱ በቃል ሲነገር እንዲህ ነው። ስሙን ከፒግሬፕ (እየሠሩ ያሉ ፕሮግራሞችን በስም ከሚፈልገው) ትእዛዝ ጋር በኤስፕሪንትኤፍ አገጣጥማለሁ፣ ትእዛዝ ለሚያስፈጽመው ሲስተም ፋንክሽን እሰጠዋለሁ፣ የመለሰልኝ ቁጥር 0 ከሆነ አለ፣ 1 ከሆነ የለም።

ችግሩ ምንድነው፣ ፕሮግራሙ ዓይኔ እያየ እየሠራ ሲስተም 256 ይመልስልኛል። 0ም አይደለም፣ 1ም አይደለም። ከየት የመጣ ቁጥር ነው? ከዚያ ሰረዝ-ኤፍ (-f) ጨምርበት የሚል ምክር አየሁና ጨመርኩ። አሁን ደግሞ ሁሌም 0 ነው። ዳታ-ኮሌክተሩን ብገድለውም 0፣ ማሽኑን አጥፍቼ ጠባቂውን ብቻ ባስነሳም 0። "የለም" የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም። እባካችሁ ገላግሉኝ።

ፈጣን_መልስ

የፒኤስን (እየሠሩ ያሉ ፕሮግራሞችን፣ ማለትም ፕሮሰሶችን የሚዘረዝረውን ትእዛዝ) ውጤት በግሬፕ (በጽሑፍ ፈላጊው) አጣርተህ መስመሮቹን ቁጠር። በፒኦፕን ታነበዋለህ። አለቀ።

ሴግፎልት

@ፈጣን_መልስ አላለቀም እንጂ ሃሃ። ግሬፕ ራሱ ፕሮሰስ ነው፣ የሚፈለገው ስም ደግሞ የእሱ ትእዛዝ መስመር ላይ ተጽፏል። ስለዚህ ምንም በሌለበት ቢያንስ ራሱን ያገኛል። የስሙን የመጀመሪያ ፊደል በካሬ ቅንፍ ውስጥ በማስገባት ማምለጥ ይቻላል፣ ግን ከአንድ ችግር ሸሽቶ ሌላ ውስጥ መግባት ነው።

ወደ ጠያቂው። ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተደራርበውብህ ነው።

መጀመሪያ 256። ሲስተም የሚመልስልህ የፒግሬፕን መውጫ ቁጥር (ፕሮግራም ሲያልቅ የሚሰጠውን) እንዳለ አይደለም፤ ዌይት (ልጅ ፕሮሰስ እስኪያልቅ የሚጠብቀው ፋንክሽን) ከሚሰጠው ስታተስ ጋር አንድ ዓይነት ታሽጎ ነው የሚመጣው። መውጫ ቁጥሩ ወደ ላይ 8 ቢት ተገፍቶ ይቀመጣል፣ ታችኞቹ ቢቶች ፕሮሰሱ በሲግናል (ከሲስተሙ ወይም ከሌላ ፕሮግራም በሚላክለት ምልክት) ሞቶ እንደሆነ ለመናገር የተያዙ ናቸው። ስለዚህ 1 ሲባዛ በ256። ፒግሬፕ "አላገኘሁም" እያለህ ነው። በእጅህ አታካፍል፣ ደብሊው-ኢፍ-ኢግዚትድ እና ደብሊው-ኢግዚት-ስታተስ የሚባሉት ማክሮዎች ለዚህ ነው የተሠሩት። 1 አልተገኘም ነው፣ 2 ትእዛዙ ተሳስቷል ነው፣ 3 ከዚያ የባሰ ነገር ነው። አንድ ቀን 32512 ካየህ ደግሞ አትደንግጥ፣ ያ 127 ነው፤ ሼሉ (ትእዛዝ አስፈጻሚው) ፒግሬፕ የሚባል ነገር አላገኘም ማለት ነው። ፒግሬፕ ያልተጫነባቸው ትንንሽ ኮንቴይነሮች ላይ ያጋጥማል። አንተ ግን "0 ካልሆነ የለም" ብለህ ብትጽፈው ኖሮ ጠባቂህ በየ30 ሰከንዱ አዲስ ዳታ-ኮሌክተር ሲፈለፍል ይውል ነበር።

ሁለተኛ፣ ለምን አላገኘም። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ ስም የሚይዘው 16 ባይት ብቻ ነው፣ አንዱ ለመዝጊያው ኑል (ዜሮ ባይት) ስለሚሄድ 15 ፊደል ይቀራል። የአንተ ፕሮግራም ስም በላቲን ሲጻፍ 22 ፊደል ነው። ከርነሉ ጋር ያለው "ሰርቪስ" ከሚለው በፊት ያለችው ሰረዝ ላይ ተቆርጧል። ፒግሬፕ ሰረዝ-ኤፍ ካልተሰጠው የሚፈልገው በዚያ አጭር ስም ውስጥ ነው። 22 ፊደል 15 ውስጥ አይገኝም። ተርሚናል ላይ ብትሞክረው አዲሶቹ ፒግሬፖች ማስጠንቀቂያ ይጽፉልሃል።

ሦስተኛው ደስ ይላል። ሰረዝ-ኤፍ ሙሉውን ትእዛዝ መስመር ከነአርጉመንቱ ይፈትሻል። ፒግሬፕ ራሱን አይቆጥርም፣ ያስነሱትን ግን ይቆጥራል። ስሙን በአርጉመንት ነው የምሰጠው አላልክም? እንግዲህ የጠባቂህ ትእዛዝ መስመር ላይ ዳታ-ኮሌክተር-ሰርቪስ ተጽፏል። ጠባቂህ ራሱን እያገኘ ነው! እሱ እስካለ ድረስ መልሱ 0 ነው። እሱ ባይሆን እንኳ ሲስተም በመሃል የሚያስነሳው ሼል አለ፣ እንደ ሼሉ ዓይነት እሱም ሊቆጠር ይችላል። ሎጉን በቴይል የከፈተ ተርሚናል፣ ሶርስ ፋይሉን በቪም የከፈተ ሰው፣ ሁሉም "አለ" ያሰኛሉ።

ለዛሬ እንዲያልፍልህ ከፈለግክ የስሙን የመጀመሪያ 15 ፊደላት ብቻ ውሰድና በሰረዝ-ኤክስ ስጠው፣ ያኔ በትክክል የሚገጥመውን ብቻ ይፈልጋል። ግን ከውጭ የመጣ አርጉመንት እያገጣጠሙ ለሲስተም መስጠት አደገኛ ልማድ ነው። ስሙ ውስጥ ሴሚኮለን እና ሌላ ትእዛዝ ቢገባ ሼሉ ሳይጠይቅ ይፈጽመዋል። ጠባቂህ በሩት (በሙሉ ሥልጣን) የሚሠራ ከሆነማ አስበው።

ጀማሪ_ኮደር

ራሱን ነበር የሚያገኘው?! እሺ ይሁን። በ15 ፊደል ሠራልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ግን ሼል ማስነሳቱን ስለጠላሁት ፒግሬፕን ትቼ /ፕሮክን (ከርነሉ የእያንዳንዱን ፕሮሰስ መረጃ የሚያሳይበትን ፎልደር) ራሴ ማንበብ ጀመርኩ። በኦፕንዲር እና ሪድዲር ቁጥር የሆኑትን ፎልደሮች አገኛለሁ፣ በየውስጣቸው ያለውን "ኮም" የሚባል ፋይል በኤፍጌትስ አነባለሁ፣ በስትርኮምፕ ከስሙ ጋር አወዳድራለሁ። አንድም አይገጥምም። ፕሪንት ሳደርገው ግን ያው ስም ነው። ዓይኔ ነው?

ከርነል_ቆፋሪ

ዓይንህ ደህና ነው፣ ኮም ፋይሉ መጨረሻ ላይ አዲስ መስመር የሚጀምር ምልክት አለ፣ ኤፍጌትስ ደግሞ አይቆርጠውም። በስትርሲስፓን ቦታውን ፈልገህ 0 አድርግበት።

/ፕሮክ ውስጥ ከገባህ አይቀር ጥቂት ነገሮች ያዝ። ፎልደሩን ባየህበትና ፋይሉን በከፈትክበት መካከል ፕሮሰሱ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ኤፍኦፕን ኑል ቢመልስ ዝም ብለህ ወደሚቀጥለው እለፍ፣ ፕሮግራምህን አታቁም። "ስታት" የሚለውን ፋይል በኤስካንኤፍ የሚያነቡ ብዙ ኮዶች አሉ። አትቅዳቸው። እዚያ ስሙ በቅንፍ ውስጥ ነው ያለው፣ ስሙ ራሱ ደግሞ ክፍተትም ቅንፍም ሊኖረው ይችላል፤ በስትርአርሲኤችአር የመጨረሻውን መዝጊያ ቅንፍ ፈልገህ ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ ያለብህ። "ሲኤምዲላይን" የሚለው ላይ አርጉመንቶቹ የሚለያዩት በክፍተት ሳይሆን በኑል ነው፣ እንደ አንድ ስትሪንግ ካነበብከው የመጀመሪያውን ብቻ ታያለህ።

የተቆረጠው ስም ካልተመቸህ "ኢኤክስኢ" የሚባለውን ሊንክ በሪድሊንክ አንብብ፣ ሙሉ ፓዙን ይሰጥሃል። ሪድሊንክ ግን መጨረሻው ላይ ኑል አያስገባም፣ ራስህ አስገባ። የሌላ ተጠቃሚ ፕሮሰስ ከሆነ ሊከለክልህ ይችላል። ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ፋይሉን በአዲስ ቨርዥን ከተካኸው ደግሞ ከፓዙ ኋላ "ተሰርዟል" የሚል ቃል በእንግሊዝኛ ተለጥፎ ይመጣል፣ ያኔ ስትርኮምፕ እንደገና "የለም" ይልሃል። አፕዴት ባደረግክ ቁጥር ሁለተኛ ኮፒ ይነሳል ማለት ነው። እና የፓይተን ስክሪፕት በዚህ መንገድ ልጠብቅ ካልክ የምታገኘው የፓይተንን ስም ነው፣ የስክሪፕቱን አይደለም።

ጥያቄ_በጥያቄ

ይቅርታ፣ ሁላችሁም ስም ፍለጋ ላይ ናችሁ። ዳታ-ኮሌክተሩን የሚያስነሳው ማነው? ጠባቂው ራሱ ነው ወይስ ሌላ?

ጀማሪ_ኮደር

ራሱ ጠባቂው ነው። ለሲስተም ፋንክሽን ስሙን ሰጥቼ ኋላው ላይ አምፐርሳንድ አደርግበታለሁ።

ጥያቄ_በጥያቄ

በቃ እንግዲህ፣ የገዛ ልጅህን ነው በጎረቤት የምትጠይቀው። በሲስተም አታስነሳው፤ ፎርክ አድርግ (ልጅ ኮፒ ፍጠር)፣ ልጁ ውስጥ ኤግዜክ አድርግ (በሌላው ፕሮግራም ተካው)፣ ፎርክ የሰጠህን ፒአይዲ (የፕሮሰስ መለያ ቁጥር) ያዝ። ከዚያ ዌይትፒድን ጥራ። ልጁ እስኪሞት ድረስ እዚያው ይቆማል፣ በሞተበት ቅጽበት ይመለሳል፣ እንዴት እንደሞተም ይነግርሃል፤ በመውጫ ቁጥር ነው ወይስ በሲግናል፣ ሲግናል 11 ከሆነ ሴግፎልት ነው ማለት ነው። 30 ሰከንድ የሚባል ነገር የለም፣ /ፕሮክ የለም፣ ፒግሬፕ የለም። ጎን ለጎን ሌላ ሥራ ካለህ ደብሊው-ኖ-ሀንግ ጨምርበት፣ 0 ከመለሰ ልጁ እየሠራ ነው።

ዌይትፒድን ካልጠራህ ልጁ ዞምቢ (ሞቶ ከዝርዝሩ ያልወጣ ፕሮሰስ) ሆኖ ይቀራል። ፒአይዲውም /ፕሮክ ውስጥ ይታያል፣ ኮም ፋይሉም ስሙን ይሰጥሃል። ስም የሚፈልገው ኮድህ ሬሳ አግኝቶ "አለ" ይላል።

እንደገና ሲነሳም ትንሽ ጠብቀህ አስነሳ። ኮንፊግ ፋይሉ ተበላሽቶ ገና ሲነሳ የሚሞት ከሆነ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደምታስነሳው አስብ።

ጀማሪ_ኮደር

ይሄ ጥሩ ነው። ግን ጠባቂው ራሱ ቢሞትስ? ወይም እኔ አፕዴት ላደርገው ባቆመውስ? ዳታ-ኮሌክተሩ ይቀጥላል፣ አዲሱ ጠባቂ ግን ልጁ እንዳልሆነ ነው የሚያየው።

ጥያቄ_በጥያቄ

ትክክል ነህ። ያኔ ልጁን ፒአይዲ 1 ይረከበዋል፣ አዲሱ ጠባቂ ዌይትፒድ ቢጠራበት ኢ-ቻይልድ የሚል ኤረር ያገኛል። እዚህ ላይ ሌላ ነገር ያስፈልጋል።

ፈጣን_መልስ

ዳታ-ኮሌክተሩ ሲነሳ ፒአይዲውን ፋይል ላይ ይጻፍ። ጠባቂው ያነበዋል፣ በዚያ ቁጥር ኪል ፋንክሽንን በሲግናል 0 ይጠራል። ምንም ሲግናል አይልክም፣ መኖሩን ብቻ ያያል። 0 ከመለሰ አለ። አሁንስ አለቀ?

ሴግፎልት

@ፈጣን_መልስ ተሻሽለሃል፣ ግን አሁንም አላለቀም።

ኪል ተቀናሽ 1 ሲመልስ ኤርኖን (የስህተቱን ምክንያት የሚይዘውን ቁጥር) ሳታይ "የለም" አትበል። ኢ-ኤስ-አር-ሲ-ኤች ከሆነ የለም። ኢ-ፐርም ከሆነ ግን አለ፣ አንተ ነህ መብት የሌለህ። ጠባቂው በተራ ተጠቃሚ፣ ፕሮግራሙ በሩት ከሆነ የምታገኘው ይሄን ነው።

ፋይሉ ባዶ ቢሆንስ? ፕሮግራሙ ከፍቶት ሳይጽፍበት ሞተ እንበል። ኤቶአይ (ጽሑፍን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ፋንክሽን) 0 ይሰጥሃል። ኪል በፒአይዲ 0 ማለት የራስህ ፕሮሰስ ግሩፕ ማለት ነው፣ ሁሌም ይሳካል፣ ሁሌም "አለ"። በፋይሉ ላይ በሆነ ምክንያት ተቀናሽ 1 ከተጻፈና አንተ በዚያ ቁጥር የማቆሚያ ሲግናል ከላክህ፣ መላክ የምትችልበት ፕሮሰስ ሁሉ ይደርሰዋል። ሩት ሆነህ ይህን አታድርገው። ከ1 የሚበልጥ ቁጥር መሆኑን ሳታረጋግጥ ኪልን አትጥራ።

ዋናው ግን ፒአይዲ ተመልሶ ሥራ ላይ መዋሉ ነው። ልክ ባለቤቱ ትቶት ለሌላ ሰው እንደተሸጠ ስልክ ቁጥር፤ ትደውላለህ፣ ይነሳል፣ የሚያወራህ ሌላ ሰው ነው። የሊኑክስ የቆየ ጣሪያ 32768 ነው፣ 64 ቢት ላይ እስከ 4194304 ከፍ ማድረግ ይቻላል፣ ግን ፕሮሰስ በብዛት የሚፈጥር ማሽን ላይ ቁጥሩ መዞሩ አይቀርም። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳማ የድሮው ፋይል ላይ ያለው ቁጥር የማን እንደሚሆን ማን ያውቃል።

ከርነል 5.3 ጀምሮ ፒአይዲኤፍዲ-ኦፕን የሚባል ነገር አለ። ለፕሮሰሱ ፋይል ዲስክሪፕተር (የተከፈተ ነገር መያዣ ቁጥር) ይሰጥሃል፣ በፖል ትጠብቀዋለህ፣ ፕሮሰሱ ሲሞት ይነግርሃል፣ ልጅህ ባይሆንም። አንዴ ከያዝከው ቁጥሩ ለሌላ ቢሰጥም አይሳሳትም። ግን መጀመሪያ ትክክለኛውን ፒአይዲ ማግኘት አለብህ፣ እሱ ነው ጥያቄው።

ከርነል_ቆፋሪ

መልሱ ሎክ (በአንድ ጊዜ አንዱ ብቻ የሚይዘው የፋይል ቁልፍ) ነው። ዳታ-ኮሌክተሩ ሲነሳ /ረን ሥር አንድ ፋይል ይክፈትና ሎክ ያድርገው፣ እስኪሞት አይዝጋው። በምንም መንገድ ይሙት፣ ሴግፎልት ይሁን ሲግናል 9፣ ሎኩን ከርነሉ ይፈታዋል። ጽዳት የሚባል ነገር የለም። ኮዱ ያንተ ስለሆነ ጥቂት መስመር ነው የምትጨምረው። ከዚያም ሁለት ኮፒ በአንድ ጊዜ መነሳት አይችልም፣ ሁለተኛው ሎኩን ሲያጣ ይወጣል። ይሄን በፒግሬፕ መቼም አታገኘውም፤ "የለም" ብለህ አይተህ እስክታስነሳው ድረስ ሌላው ሊያስነሳው ይችላል።

ሎክ ፋይሉን ስትወጣ አትሰርዘው። አንዱ የተሰረዘውን ፋይል ሎክ ይዞ ሌላው አዲስ ፈጥሮ እሱን ሎክ ሊያደርግ ይችላል፣ ሁለቱም "እኔ ብቻ ነኝ" ይላሉ። ይቀመጥ፣ ባዶ ፋይል ማንንም አይጎዳም።

ጀማሪ_ኮደር

በፍሎክ (ፋይል ሎክ በሚያደርገው ፋንክሽን) ሠራሁት። ጠባቂው ሎኩን ሳይጠብቅ ይሞክራል፣ ከተከለከለ ፕሮግራሙ አለ፣ ካገኘ የለም ማለት ነው፤ ይለቀውና ያስነሳዋል። በጣም ደስ ይላል፣ ኮዱ አጠረ። ግን አንድ ነገር፦ ዳታ-ኮሌክተሩን በሲግናል 9 ስገድለው አንዳንዴ ሎኩ ለደቂቃዎች እንደተያዘ ይቆያል። ከርነሉ ወዲያው ይፈታል ብላችሁ አልነበር?

ሴግፎልት

ዳታ-ኮሌክተሩ ሌላ ፕሮግራም ያስነሳል? ሲስተም፣ ፒኦፕን፣ እንደዚያ ያለ ነገር?

ጀማሪ_ኮደር

አዎ፣ ፋይሉ ሲሞላ በፒኦፕን ጂዚፕን (ፋይል የሚያምቀውን ፕሮግራም) ይጠራል። ፋይሉ ትልቅ ስለሆነ ጊዜ ይወስድበታል።

ሴግፎልት

ያው ነው። የፍሎክ ሎክ የሚታሰረው በተከፈተው ፋይል ላይ እንጂ በፕሮሰሱ ላይ አይደለም። ጂዚፕ ዲስክሪፕተሩን ወርሶ ይዞታል፣ ወላጁ ቢሞትም እሱ እስካልዘጋ ሎኩ አይፈታም። ፋይሉን በኤፍኦፕን ሳይሆን በኦፕን ክፈተውና ኦ-ክሎኤግዜክ ጨምርበት። ልጁ ኤግዜክ ሲያደርግ ዲስክሪፕተሩ ይዘጋለታል፣ ያንተ ሎክ ግን አይነካም።

ከርነል_ቆፋሪ

እኔ ብሆን ፍሎክን ትቼ በኤፍኮንትል (በሌላው የፋይል ሎክ ዘዴ) ነበር የማደርገው። የእሱ ሎክ በፎርክ አይወረስም። ሌላው ጥቅሙ ጠባቂው ሎኩን ሳይነካ መጠየቅ መቻሉ ነው፤ ኤፍ-ጌት-ኤልኬ ትለዋለህ፣ ወይ "ነፃ ነው" ይልሃል ወይ የያዘውን ፒአይዲ ይሰጥሃል። አሁን ባለው አሠራርህ ጠባቂው ለመሞከር ሎኩን በያዘባት ቅጽበት ሰው በእጁ ፕሮግራሙን ቢያስነሳ "ሌላ ኮፒ አለ" ብሎ ይወጣል።

ሴግፎልት

የኤፍኮንትልንም ጉድ ንገረው እንጂ። በዚያው ፕሮሰስ ውስጥ ያንን ፋይል ሌላ ቦታ ከፍተህ ብትዘጋው ሎኩ በሙሉ ይፈታል፣ ያውም ሳይናገር። ፒአይዲውን ለማንበብ ብሎ ከፍቶ የሚዘጋ ላይብረሪ ብቻውን በቂ ነው። ወደ ባክግራውንድ ለመሄድ ፎርክ የምታደርግ ከሆነም ሎኩን ከፎርክ በኋላ ያዝ፣ አለዚያ ወላጁ ይዞት ይሞታል።

ዊንዶውስ_ነኝ

ዊንዶውስ ላይ ለምንሠራስ?

ጥያቄ_በጥያቄ

በስም ለመፈለግ ክሪኤት-ቱልሄልፕ-32-ስናፕሾት፣ ከዚያ ፕሮሰስ-32-ፈርስት እና ኔክስት። የስትራክቱን መጠን ዲደብሊውሳይዝ ላይ ሳትሞላ ከጠራህ ይከሽፋል። ሀንድሉ ካለህ ዌይት-ፎር-ሲንግል-ኦብጀክትን በ0 ጊዜ ጥራ፣ ጊዜው አለፈ ካለ እየሠራ ነው። ጌት-ኢግዚት-ኮድ-ፕሮሰስ ላይ አትመርኮዝ፤ "ገና እየሠራ ነው" ለማለት 259 ነው የሚመልሰው፣ በ259 የወጣ ፕሮግራምም ያንኑ ይመስላል። ለሎኩ ቦታ ስም ያለው ሚውቴክስ አለ።

ጀማሪ_ኮደር

ኦ-ክሎኤግዜክ ጨመርኩ፣ ተፈታ። ጂዚፕ እየሠራ ሳለ ዳታ-ኮሌክተሩን ገድዬ አየሁት፣ ሎኩ ወዲያው ተለቀቀ። ጠባቂው ልጁ ሲሆን በዌይትፒድ፣ ካልሆነ በሎኩ እንዲያይ አድርጌዋለሁ።

አሁን የቀረኝ ፕሮግራሙ ሳይሞት ተንጠልጥሎ ሲቀር ነው። ሎኩን ይዟል፣ ዳታ ግን አይጽፍም።

ጥያቄ_በጥያቄ

እሱን ፕሮሰስ በማየት አታገኘውም። ዳታ በጻፈ ቁጥር የአንድ ፋይል ሰዓት ያድስ፣ ጠባቂው በስታት ፋንክሽን የመጨረሻውን ሰዓት ይይ፣ የተወሰነ ጊዜ ካለፈ ገድሎ ያስነሳው። ብቻ ፋይሉን የሚያድሰው ዳታውን የሚጽፈው ሉፕ ራሱ ይሁን፣ የተለየ ትሬድ ላይ ካደረግከው ዋናው ተንጠልጥሎ ትሬዱ "ደህና ነኝ" እያለ ይቀጥላል። ማሽንህ ላይ ሲስተምዲ (ሰርቪሶችን የሚያስነሳና የሚጠብቅ የሊኑክስ ፕሮግራም) ካለ ደግሞ ይሄን ሁሉ እሱ ይሠራልሃል፤ ሪስታርት እና ዋችዶግ-ሴክ የሚሉ ሁለት መስመሮች ሰርቪስ ፋይሉ ላይ ጻፍ፣ ከሉፑ ውስጥ ኤስዲ-ኖቲፋይን ጥራ።

ጀማሪ_ኮደር

ሲስተምዲ አለኝ እኮ። ይሄን መጀመሪያ ብትነግሩኝ ምን ነበረበት ሃሃ። ለማንኛውም ጠባቂውን አልጥለውም፣ ሲስተምዲ የሌለበት አንድ ሌላ ቦርድ አለኝ፣ እሱ ላይ ይውላል።